ሰባት ወር ያልናት ልጅ

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወይም ሃያ፤ እናቴ ልደታችንን የምትቆጥረው በመኸር ስለሆነ አንድ ዓመት ወዲህ ወዲያ ቢል አይገርመኝም። ካርቱም ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አል-ማንሺያ ውስጥ፣ አባይ ዳር ባለ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ልብስ የማሰጣው ጣራው ላይ ነበር። ከዚያ ላይ ሆኜ ሳየው ወንዙ የሚሄድ አይመስለኝም፤ ሊደርቅ የተዘረጋ አንሶላ ነው የሚመስለኝ። ማድረቂያ መቆንጠጫውን በአፌ ይዤ ብዙ ጊዜ ፈዝዤ እቀር ነበር፤ ማዳሟ ከታች እስክትጣራ።

ጨረቃ መቁጠር የጀመርኩት እዚያ ጣራ ላይ ነው፣ በእህቴ ምክንያት። እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ፖርት ሱዳን ሥራ አግኝቶ ሄዶ ስለነበር እሷ ዴም በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ከአክስታችን ጋር ትኖር ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ስለዚህ ሦስተኛውን ስታረግዝ ለማንም አልተናገረችም፤ ለኔም የነገረችኝ ጆሮዬን ይዛ ወደ አፏ አስጠግታ ነው። ከአረፋ ወዲህ ደም አላየሁም አለችኝ። በማግስቱ የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ጀርባ ላይ በእርሳስ ሁለት ጭረት ጫርኩ፣ ላለፉት ሁለት ወሮች። ከዚያ በኋላ ከከተማው ጣራዎች በላይ ቀጭኗ ጨረቃ ብቅ ባለች ቁጥር አንድ እጨምራለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደሉንም ቁጥሩንም የለቀምኩት በራሴ ነው፣ የማዳሟ ልጆች ከጣሉት ደብተር፣ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከሱቅ ሰሌዳ። ለመቁጠር ግን ታንሳለች የሚለኝ የለም።

ስምንተኛውን ጭረት ከጫርኩ በኋላ አንድ ጠዋት አክስቴ ደወለች። እትዬን ምጥ ይዟታል፣ ሆስፒታል እየወሰድኳት ነው፣ ነይ አስተርጉሚላት አለችኝ። እትዬ ያኔ ዐረብኛዋ ከገበያ የማያልፍ ነበር፤ ዋጋና ቁጥር ብቻ ነው የምታውቀው። አክስቴ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ዴም ኖራለች፣ ዐረብኛውን እንደ ውሃ ነው የምታፈሰው። ለምን እኔ እንደምፈለግ አልገባኝም። ማዳሟን አስፈቅጄ ረክሻ ይዤ ደረስኩ። አክስቴ የሆስፒታሉ በር ላይ ምንጣፍ በብብቷ ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ።

ክንዴን ያዘችና ወደ ግድግዳው ወሰደችኝ።

«ስንት ወሯ ነው ብለው ሲጠይቁሽ ሰባት በያቸው።»

«አክስትዬ፣ ስምንት እኮ ነው። ቆጥሬያለሁ።»

«ስምንት የሚባል የለም። እኔ አልዋሽም፣ ምላሴ እምቢ ይለኛል። አንቺ ልጅ ነሽ፣ አላህ ይቅር ይልሻል።»

ከኛ ወገን የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ አይገረምም። ወሎ ያደገ ሁሉ ሰምቶታል። በሰባት ወሩ የተወለደ ያድጋል ይባላል፣ በስምንት የተወለደ ግን አያድግም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ የሚጠራጠርም የለም። ሱዳኖቹም እንዲሁ ይላሉ። ልጅ በስምንት ወሩ መጣ ሲባል ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ከለቅሶ ይከፋል። እትዬ ምጧ መሀል ሆና ዓይኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ለነርሷ በዐረብኛ ሰባት አልኳት። ውሸቱ የወጣው በኔ አፍ ነው።

ነርሷ ካርዱ ላይ ጻፈችው። የዐረቦች ሰባት አፏን ወደ ላይ የከፈተች ኩባያ ትመስላለች። ስምንት ያችው ኩባያ ናት፣ ተደፍታ። ነርሷ የከፈተችውን ስትጽፍ አይቼ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ልጅቱ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተወለደች። አንድ ኪሎ ተኩል ከትንሽ። ማዳሟ ቤት አንድ ዶሮ ከዚህ በላይ ይመዝናል ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ በማሰቤ አፈርኩ። ፊቷ የሕፃን ፊት አልነበረም፤ አንድ ነገር ጠፍቶባት የምታስብ የትንሽ አሮጊት ፊት ነበር። እግሯ አጥንትና ቆዳ፣ ቆዳውም ለሌላ ልጅ የተሰፋ ይመስል የሰፋባት። ዘጠኝ ቀን መስታወት ሳጥን ውስጥ አስተኟት። በአሥረኛው ቀን አንዲት ሱዳናዊት ሐኪም፣ መነጽሯን በተጠቀለለችው ቶብ ጫፍ የምትጠርግ፣ ጠርታን ቁጭ አደረገችን።

የነገረችንን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ይህች ልጅ ሁለት ዕድሜ አላት አለች። አንደኛው ከመጣችበት ቀን ይቆጠራል፣ ሁለተኛው ልትመጣ ይገባት ከነበረው ቀን። እድገቷን የምናየው በሁለተኛው ነው። ገና ሁለት ወር ይቀራታል፣ ስለዚህ አሁን እቤታችሁ ብትሆንም ሆድ ውስጥ እንዳለች ቁጠሯት። ብዙ ትተኛለች፣ አትጨነቁ፣ ወሯን እስክትሞላ እንዲህ ነው። ደረት ለደረት እያደረጋችሁ አሙቋት። በየሳምንቱ ሐሙስ እንመዝናታለን።

እኔ ለእትዬ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ሁለት ወር ይቀራታል ከሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ። በኔ ቁጥር የሚቀራት አንድ ነበር።

ሆኖም ነገሩን ወደድኩት። ሁለት ዕድሜ ያላት ልጅ። በየሐሙሱ ከሰዓትና በየአርቡ ማዳሟ ትለቀኝ ነበር። ዴም ስደርስ እትዬ ልጅቱን ከደረቷ ፈትታ ለኔ ትሰጠኛለች፤ ሸሚዜን ከፍቼ፣ በስስ ነጠላ ከራሴ ጋር አስሬ፣ በገመድ የተጠለፈው አልጋ ላይ በጀርባዬ እጋደማለሁ። ማራገቢያው ከላይ ቀስ እያለ ይዞራል። ያን ዓመት ረመዳን በሐሩሩ ነበር የገባው፤ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ዴም በሙሉ ይተኛል። ሻጩ ከሱቁ ጠረጴዛ ሥር፣ የረክሻው ሹፌር ረክሻው ውስጥ እግሩን አውጥቶ፣ ድመቶቹ ዚር ከሚሉት የውሃ እንስራ ሥር። አልፎ አልፎ አቧራው ተነሥቶ ሰማዩን ይሸፍነዋል፣ ያኔ የክፍሉ ብርሃን ቀይ ይሆናል፣ እንደ ጡብ። ዓይኔን ስጨፍን እኔም ሆድ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል።

የልጅቱ ትንፋሽ ሁለት ሦስቴ ይፈጥንና ያቆማል። እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ይቀጥላል። በትከሻዋ ላይ ለዓይን የማይሞላ ለስላሳ ጸጉር ነበራት፤ ሳምንት በሳምንት እየተራገፈ ደረቴ ላይ ይቀር ነበር። ገና አልተወለደችም እል ነበር ለራሴ። እኔ ላይ ተኝታ ገና አልተወለደችም። የት ነው ያለሽው ብዬ እጠይቃታለሁ። አባይን በጣራው ላይ ሆኜ ሳየው የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ይሰማኝ ነበር፤ የሚሄድ ነገር ቆሞ ሲታይ። ጾሜን ስለሆንኩ ራሴ ቀላል ነው፣ ሐሳቤ እንደ ጭስ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እንቅልፏና እንቅልፌ ይቀላቀላሉ። አንዳንዴ ሳንነቃ የጾም መፍቻው መግሪብ ይደርሳል።

አክስቴ በመሸ ጊዜ ቴምር ይዛ መጥታ በላያችን ቆማ ትስቅብን ነበር። ለማዳምሽ ዳቦ ጋጋሪ ነበርሽ፣ አሁን ራስሽ ምድጃ ሆንሽ ትለኛለች። ልጅቱንም ታደንቃት ነበር፣ በሩቁ ግን፤ ታቅፋት አታውቅም። እጄ ይንቀጠቀጣል ትላለች። አምስት ኪሎ ሽንኩርት በአንድ እጇ የምታነሣ ሴት።

ጥሩ ልጅ ናት ይሉ ነበር ጎረቤቶቹ፣ አታለቅስም። እውነት ነው፣ አታለቅስም ነበር። ጡት ይሰጧታል፣ አራት አምስት ጊዜ ስባ ትተኛለች። እትዬ እንዳልቀሰቅሳት ትከለክለኛለች፤ ተያት፣ ወሯን እየሞላች ነው ትለኛለች። ሐኪሟም ብላናለች። ሐኪሟ ያለችው ደግሞ እኔ ባልኩት ላይ ተመሥርታ ነው። ይህን ሳስበው ቶሎ ሌላ ነገር አስባለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ እንመዝናታለን። ሐኪሟ ካርዱ ላይ ነጥብ ታደርግና ነጥቡን ካለፈው ሳምንት ነጥብ ጋር በመስመር ታገናኛለች። በስድስተኛው ሳምንት ሁለት ኪሎ ከመቶ ሃምሳ መጣች። ሐኪሟ ጣቷን በካርዱ ላይ አስኬደች፤ ቀስ እያለች ነው፣ ግን ለወሯ ምንም አይልም፣ ታገሡ አለችን። እትዬ ከፊቴ አይታ ገባት፣ ፈገግ አለች።

ከዚያ ሐኪሟ እንደ ዋዛ የልጅቱን ጆሮ በአመልካች ጣቷ ወደ ፊት አጠፈችው። ለቀቀችው። ጆሮው ብድግ ብሎ ተመለሰ። ደግማ አጠፈችው። ከዚያ እግሯን ገልብጣ የውስጥ እግሯን መስመሮች አየች፣ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አየች።

«የሚገርም ነገር ነው» አለች። «ጆሮዋ ከወሯ ይቀድማል፤ ያልበሰለ ጆሮ ሲያጥፉት እንደታጠፈ ይቀራል። ስትወለድስ እንዲህ ነበር?»

አልተረጎምኩም። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች እናቶች ነበሩ፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ የኛ ብቻ ተኝታለች። ጾሜን ነበርኩ፣ ሌሊት ከበላሁት ሰሁር ወዲህ ውሃ በአፌ አልገባም፤ ተራዬን ስጠብቅም ግድግዳ ተደግፌ እያንቀላፋሁ ነበር። እና ያን ጊዜ የልጅቱን ፊት ሳየው ያ የኔ ፊት ሆኖ ታየኝ። የጾመኛ ፊት። ጠግቦ የተኛ ሰው ከንፈሩ እንዲህ አይደርቅም። ስድስት ሳምንት ሙሉ አብሬያት ተኝቼ፣ የራሴን ረኃብ አውቄ የሷን አላወቅኩም።

«ዶክቶራ» አልኳት። «ሰባት አይደለም። ስምንት ነበር።»

እትዬ ቁጥር ታውቃለች ብያለሁ። ሽንኩርት በስምንት የምትገዛ ሰው ያቺን የዐረብኛ ቃል እንዴት ትስታለች? ጭንቅላቷን ወደኔ ስታዞር ሳላያት ተሰማኝ።

ሐኪሟ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ማን ሰባት በይ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ አክስቴን አልጠቀስኩም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ እናት፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ የኔም አያት ስምንት አያድግም ትላለች። እኔ የጠየቅሁት ግን አያቴን አይደለም፣ አንቺን ነው።»

ሰባቱን ሰርዛ ስምንት ጻፈች። ከዚያ ነጥቦቹን ሁሉ ከወሩ ጋር አስተካክላ በአዲስ ካርድ ላይ እንደገና አደረገቻቸው። በመጀመሪያው ካርድ መስመር ላይ ይሄድ የነበረው የልጅቱ መንገድ፣ በሁለተኛው ካርድ ከታችኛው መስመር ሥር ወደቀ። ወሯን ከሞላች ሁለት ሳምንት አልፏታል ማለት ነው። የምንጠብቀው ነገር አልነበረም። ሐኪሟ እትዬን እዚያው አጥቢያት አለቻትና ቆማ አየች። አምስት ጊዜ ሳበች፣ ተኛች። «ይህ እንቅልፍ አይደለም፣ ድካም ነው» አለች ሐኪሟ። ከተረከዟ ደም ቀዱ፤ ደሟ ቀጭን ሆኖ ተገኘ። የእናትየውም እንዲሁ። ከዚያ የምናደርገውን አንድ በአንድ አስያዘችኝ። በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሷት። እግሯን እሹት፣ ልብሷን ግፈፉት፣ ጡት ስጧት፤ ስትደክም የታለበውን የእናቷን ወተት በትንሽ ኩባያ አጠጧት። ደም የሚሞላው ጠብታ መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ። በየሁለት ቀኑ አምጧት። ደግሞ፣ አለች፣ እንቅልፏን አትመኑት።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ስተረጉም እሷ ግድግዳውን ነበር የምታየው። ረክሻው ውስጥ ከገባን በኋላ ልጅቱን በነጠላዋ ሸፍና፣ ወደ ውጭ እያየች፣

«ገደልሻት» አለችኝ።

 ሰባት በተባለችበት ስድስት ሳምንት ልጅቱ የሷ ነበረች፤ ስምንት ስል እኔ የነጠቅኳት ያህል ነው። ይህ ገብቶኛል። ያን ቀን ረክሻው በዴም ጉድጓዶች ላይ ሲነጥር ሦስታችንም አብረን ስንነጥር፣ እውነት ተናግሬ ልጅቱ ብትሞትስ እያልኩ ነበር። ዋሽቼ ብትሞትስ የሚለው ቀድሞ መምጣት ሲገባው።

አክስቴ በረንዳው ላይ ለማፍጠሪያ ምስር ትለቅም ነበር። እትዬ ልጅቱን ይዛ አልፋት ገባች፤ እኔ ፊቷ ቆሜ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች። ሐኪሟ በስንት በስንት ሰዓት ቀስቅሷት ነው ያለችው ብላ ጠየቀችኝ። በየሁለት ሰዓት አልኳት። ለረጅም ጊዜ ምስሩን በጣቷ ስታሰፋውና ስትሰበስበው ቆየች።

ከዚያ ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። ዴም በገባች በሁለተኛው ዓመት እዚሁ ቤት፣ እኔና ልጅቱ በምንተኛበት ክፍል፣ ወንድ ልጅ ወልዳለች። በስምንት ወሩ። ተወልዶ አልቅሷል፣ ጥሩ አድርጎ። የመጡት ሴቶች ወሩን ጠየቁ፣ ነገረቻቸው፣ ዝም አሉ። በጥሩ ጨርቅ ጠቀለሉላት፣ ጎኗ አስተኙላት፣ ይጠብቁ ጀመር። ሁለት ቀን ጠበቁ።

«ማንም አጥቢው አላለኝም» አለች አክስቴ። «እኔም አላጠባሁትም። ስምንት ነዋ። ጡቴ ግን አያውቅም ነበር፣ ሲፈስ ነው የዋለ።»

አላለቀሰችም። ተነሥታ እጇን ታጠበችና ገባች። እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ልጅቱን አቅፋ ተቀምጣለች። አክስቴ ሳትጠይቃት ተቀበለቻት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ እጇ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ልብሷን ገፈፈች፣ የእግሯን መዳፍ በጣቷ ጠቅ ጠቅ አደረገች። ያላ፣ ተነሽ አለቻት፣ ወደ ገበያ የምትቀሰቅሰን ያህል። ልጅቱ ፊቷን አጨማደደች፤ ቀጥሎ አለቀሰች። ቀጭን ነበር ልቅሶው፣ የበር ማጠፊያ ድምፅ ይመስላል። እትዬ ደረቷን ከፈተች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለኔ እንደ ንጋት ነው የሚታየኝ፤ መቼ እንደበራ አይታወቅም። ኢድ አለፈ። መጀመሪያ የሞላው ጉንጯ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ጭኗ ሞላ፤ የሰፋባት ቆዳ ከውስጥ ሰው እንደሚገባበት ልብስ ቀስ በቀስ ተወጠረ። አንድ አርብ ጭኗ ላይ አንዲት እጥፋት አገኘሁ፣ በቀጣዩ አርብ ሁለት። የእጅ አንጓዋ ላይ ክር የታሰረ የሚመስል ቀለበት ወጣ። የአሮጊቷ ፊት ሄደ፣ የት እንደሄደ አላየሁም። ዓይኗ የማራገቢያውን መዞር መከተል ጀመረ። ልቅሶዋ ከግቢ አልፎ ሰፈር ደረሰ፤ ጎረቤታችን አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ሰባት ወር ነው ያላችሁን? ይሄማ የሰባት ዓመት ልጅ ልቅሶ ነው ብሎ ቀለደብን። ማንም ሰባት ብሎ አልመለሰለትም።

እትዬ ያን ሁሉ ሳምንት ሳህን ታቀብለኛለች፣ ልጅቱን ትሰጠኛለች፣ አታናግረኝም። ከሐኪሟ ጋር የሚነገረውን ስተረጉምላት ራሷን ትነቀንቃለች፣ በቃ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ከሚዛኑ ስንወርድ ካርዱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከማስገባቷ በፊት ቆም አለች። ዘረጋችልኝ።

«አንብቢልኝ» አለች።

ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ አልኳት። ነጥቡ ታችኛው መስመር ላይ ነበር፣ ሥሩ ሳይሆን ላዩ ላይ፣ ሽቦ ላይ እንዳረፈች ወፍ። ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ነገርኳት። ሦስተኛም ጠየቀችኝ። ከዚያ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው እያየን፣ ልጅቱን በመሀላችን ይዛ ትከሻዬ ላይ ግንባሯን አሳረፈች።

ልጅቱ አሁን ትሮጣለች፣ እኔን ስሜን ጠርታ ታዝዘኛለች። ካርቱም ያኔ እንደነበረችው አይደለችም፤ እኛም እዚያ የለንም። እዚያ በቆየንባቸው ዓመታት ግን አክስቴ ከሐበሻ ሴቶች አንዷ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች የሚል በሰማች ቁጥር ቶቧን ለብሳ፣ ጉልበቷ እያመማት በሚኒባስ ሆስፒታል ትሄድ ነበር። ከአልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፣ ስንት ወሯ ነው ብላ ትጠይቃለች። ሴትየዋ ሰባት ካለቻት መጋረጃውን ትስብና እንደገና ትጠይቃታለች።